አሥራ አራት ጆንያ ትርፍ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ስማችንን አልጽፍም፤ ማን ማን እንደሆንን ግን አስቀድሜ ልናገር።

አንደኛው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኮምቦልቻ ያለውን የዱቄት ፋብሪካ መልሶ እንዲያቆም የተላከ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ በማን ላይ እንደተቆጣ ደግሞ ቶሎ የሚረሳ ሰው ነው። ሁለተኛው የስንዴ መጋዘን ኃላፊው ናቸው፤ የቢስቲማ ሰው፣ በአንድ መጋዘን በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡ። ሦስተኛዋ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ራሴ ፈትኜ የቀጠርኳት ኦዲተር ናት። አራተኛው የጫኝና አውራጆቹ ካቦ ነው። አምስተኛዋ ልጄ ናት። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ የውስጥ ኦዲት ክፍሉን ያቋቋምኩት፣ የመራሁት።

የተማርኩት ብቻዬን ነው። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪ ፊት አልተቀመጥኩም። የሒሳብ አያያዝን የለመድኩት ደሴ ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጥ አሮጌ መጽሐፍ መካከል መርጬ በገዛሁት፣ የመጀመሪያ አርባ ገጾቹ ተገንጥለው በጠፉ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ሒሳብ መዝጋትን አውቄ፣ ሒሳብ መክፈትን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ የማንም ውለታ ያለበት አይመስለውም። የደከመውን ስለሚያስታውስ ያልደከመውን ሁሉ ይንቃል። ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚህ ጠባይ ነው።

ውለታ ግን ነበረብኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደዚያ ፋብሪካ በሚዛን ሠራተኛነት ስገባ ዋስ አምጣ ተባልኩ። ደሴ ያሉኝን ዘመዶች አንድ በአንድ ዞርኳቸው። አንዱ ደመወዜ ለዋስትና አይበቃም አለ። ሌላው ባለቤቴን ላማክር ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ሳይመለስ ቀረ፤ እኔም ሳሎኑ ውስጥ ጥቂት ጠብቄ ወጣሁ። በመጨረሻ የፈረሙልኝ መጋዘን ኃላፊው ናቸው። ያኔ ካወቁኝ ሦስት ቀናቸው ነበር። ለምን እንደፈረሙልኝ ብጠይቃቸው፣ ሚዛን ስታነብ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ ሊሰርቅ ያሰበ ሰው በልቡ ነው የሚያነበው አሉኝ።

ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በመጣ ጊዜ ፋብሪካው ተዘረፈ። የተዘረፈው ተዘረፈ፤ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ከግቢው የጠፋው ዕቃ ሁሉ «ያኔ ተዘርፎ ነው» ይባል ነበር። ከጦርነቱ ስድስት ወር በኋላ የተገዛ ሞተር ጠፍቶ እንኳ ያኔ ተዘርፎ ነው ተባለ። ቦርዱ በዚህ ተናዶ የውስጥ ኦዲት ክፍል ይቋቋም ብሎ ወሰነ። ሥራ አስኪያጁም ጠራኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ከሚዛን ተነስቼ፣ በርቀት ትምህርት ዲፕሎማ ይዤ፣ ሒሳብ ክፍል ገብቼ ነበር።

«ሰው እንደማይወድህ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው።»

ይህን እንደ ምስጋና ተቀበልኩት።

ክፍሉን ያቋቋምኩት እንደ ደንቡ ነው፤ በዚህ አልታማም። መተዳደሪያውን ራሴ ጻፍኩ፤ ሪፖርቴ ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን በቀጥታ ለቦርዱ እንዲሆን አስወሰንኩ። የጎማ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል አስጠርጌ ሦስት ጠረጴዛ አስገባሁ። የዓመት ዕቅድ፣ የድንገተኛ ቆጠራ መመሪያ፣ የግኝት መከታተያ ቅጽ አዘጋጀሁ። ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚል በትልቅ ፊደል አስጽፌ ሰቀልኩ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። የሚያስተምረው ሞኝ እንዳንሆን ነው፤ እኔ ግን እንዳላምን ብቻ ተማርኩበት።

የመጀመሪያ ሥራዬ ልጄን ማስወጣት ነበር። ማሸጊያ ክፍል በኮንትራት መዝጋቢ ነበረች። የኦዲተር ዘመድ በሚመረመር ክፍል ውስጥ እንዳይሠራ የሚል ደንብ አወጣሁና ኮንትራቷ እንዳይታደስ ጻፍኩ። ማታ ቤት ስንገናኝ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር አይቻልም ነበር ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ይቻል ነበር» አልኳት።

«ታዲያ?»

«ሰው እንዲያይ ነው።»

ሰው አየ። ሠራተኛው ከእኔ ጋር ሻይ መጠጣት ተወ። ይህ ግቢ ሦስት ቆጣሪ አለው፣ አንዱ የመብራት፣ አንዱ የውሃ፣ አንዱ የእኛ እያሉ እንደሚቀልዱብኝ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ልጅ አባቱን መፍራት አለበት፣ ሠራተኛም ኦዲተሩን እንዲሁ ብዬ አምን ነበር። ፍርሃት ልጁን ዝም እንደሚያሰኘው እንጂ እንደማያርመው ቤቴ ውስጥ ሃያ ዓመት አይቼ ነበር፤ ግን ዝምታውን እንደ መታረም እቆጥረው ነበር።

ወጣቷ ኦዲተር ሥራ በገባች በሦስተኛው ሳምንት የት እንጀምር የሚለውን አጥንታ አመጣች። ገንዘቡ በብዛት የሚገባበትን እንይ፣ የስንዴ ግዢውንና የመኪና ሚዛኑን እናስቀድም አለች። ትክክል ነበረች። እኔ ከመጋዘን እንጀምር አልኩ። ለእሷ የሰጠኋት ምክንያት ሰው የሚሰርቀው ዕቃ ካለበት ነው የሚል ነው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነበር። ግዢው ላይ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። መጋዘኑን ግን ጥግ ጥጉን አውቀዋለሁ፤ ቦርዱ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ግኝት ይጠብቃል። እኔም የመጀመሪያ ግኝቴ የሚሆን ሰው ፈለግኩ።

በአንድ ሐሙስ ጠዋት ለማንም ሳንናገር ደረስን። መጋዘን ኃላፊው በሩ ላይ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። የጡረታ ጊዜያቸው ዘጠኝ ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ቆጠራ ነው ስላቸው ቁልፎቹን ከወገባቸው ፈትተው ሰጡኝ፤ ቢስሚላህ በልና ግባ አሉኝ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ። በቆጠራ ጊዜ የንብረቱ ኃላፊ እንዲወጣ የሚለውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ሳልነግራቸው አከበሩት።

ሁለት ቀን ቆጠርን። የስንዴው ብዛት ከካርዱ ጋር ጆንያ በጆንያ ገጠመ። አንድም አልጎደለም። እውነቱን ለመናገር አዘንኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ኪሎ አለመጉደሉ ሊያስመሰግናቸው ሲገባ፣ እኔን ባዶ እጄን የሚያስቀረኝ መስሎ ታየኝ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ በመጨረሻው ምሰሶ ጀርባ፣ በሸራ የተሸፈኑ አሥራ አራት ጆንያዎች አገኘሁ። ዘጠኙ ስንዴ፣ አምስቱ ማሽላ። በያንዳንዱ አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሮበታል። ካርድ የላቸውም፣ ደረሰኝ የላቸውም።

ምን እንደሆኑ ወዲያው አወቅኩ። ጫኝና አውራጆቹ አብዛኞቹ ከቢስቲማና ከአካባቢዋ ገጠር የመጡ ናቸው። አምስት ስድስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ከቤተሰብ እህል ሲላክላቸው ክፍሏ ውስጥ ቢያኖሩት ወይ አይጥ ይበላዋል ወይ አብሮ አዳሪ ያጎድለዋል። ስለዚህ መጋዘን ኃላፊው ዘንድ በአማና ያስቀምጡታል፤ እያንዳንዱ የራሱን በክሩ ቀለም ይለያል። አማና ሁለት ሕግ አለው። አደራ የተቀበለው ሰው አይነካውም፤ የማን እንደሆነም ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይናገርም። ፋብሪካው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የግል ንብረት ወደ ግቢ ያስገባ ሠራተኛ ይሰናበታል የሚል ሰሌዳ በር ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው የአሥራ አራት ሰዎች ስም ቢጠሩ አሥራ አራት ሰዎች ሥራቸውን ያጣሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ቤቴ ዝናብ በሚያፈስበት ዘመን እኔም መጽሐፎቼን በሳጥን አድርጌ እዚያው ምሰሶ ጀርባ ሦስት ክረምት አስቀምጬአለሁ።

ወጣቷ ኦዲተር ሸራውን ገልጣ ጎንበስ ብላ ማሽላውን በእጇ አፈሰች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማሽላ ነው» አለችኝ። «ፋብሪካው ማሽላ ገዝቶ ያውቃል?»

«ካርድ የሌለው ሁሉ የፋብሪካው ነው።»

«ትርፍ ሲገኝ መጀመሪያ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። መጠየቅ አለብን።»

«የትምህርት ቤቱን ለትምህርት ቤት ተይው» አልኳት። መዝገቡ ላይ ማሽላ ብዬ መጻፍ ስላስቸገረኝ «ልዩ ልዩ እህል» ብዬ ጻፍኩ። እሷ የጻፍኩትን አየች።

በማግስቱ መጋዘን ኃላፊውን ቢሮዬ አስጠራሁ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ በሩን ዘጋሁ። ወጣቷ ኦዲተር ቃላቸውን ለመጻፍ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀስ ብለው አነበቡት።

«እህሉ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የሰው ነው።»

«የየትኛው ሰው?»

«አንተ ልጅ፣ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?»

«እኔ የማውቀውን አይደለም የምጽፈው። እርስዎ የሚሉትን ነው።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ዘጠኝ ወር ነው የቀረኝ፤ ገንዘብ አልፈልግም፣ ሽልማት አልፈልግም፣ ከዚህ በር ስወጣ ስሜን ይዤ ልውጣ አሉኝ። ቢስቲማ ሲመለሱ የሚያቆማቸው ያ ብቻ ነበር። ልጆቻቸው ተበታትነዋል፣ መሬታቸውን ወንድማቸው ያርሰዋል። የሚታወቁት አማና የማይበሉ በመሆናቸው ነው።

«ስሙን ይንገሩኝና ይውጡ» አልኳቸው።

«የማንን?»

«የባለቤቶቹን።»

«እንግዲያው የኔ ነው ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። እኚህ ሰው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲነጋገሩ እንኳ ወላሂ ሳይሉ አያልፉም። መኪና ዘገየ፣ ወላሂ። ዛሬ ይሞቃል፣ ወላሂ። የኔ ነው ሲሉኝ ግን ወላሂ አላሉም። ለአሥራ አራት ሰው እንጀራ ሲሉ ዋሹ፤ በፈጣሪያቸው ስም ግን አልዋሹም። ይህን ሰማሁ። ኦዲተር የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ሳይነገር የቀረውንም መስማት አለበት ብዬ በመመሪያዬ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰማሁና በሪፖርቴ ላይ «በራሳቸው አንደበት አምነዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ የስንብቱን ደብዳቤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፈረመ። መጋዘኑን ለግል ጥቅም በማዋልና ስንዴ ለማሸሽ በማዘጋጀት የሚል ነበር። ማሽላው ደብዳቤው ውስጥ አልገባም። ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ብዬ አንድ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሳቸው በርጩማቸውን ተሸክመው በዋናው በር ሲወጡ ዘበኛው እንደማንኛውም ሰው ፈተሻቸው። የመመሪያው ተራ ቁጥር ሰባት ማንም ሳይፈተሽ አይወጣም ይላል።

ዘመዶቻቸው ደሴ ፍርድ ቤት ይክሰሱ ብለው ወተወቷቸው። ቢከሱ ያሸንፉ ነበር፤ የስንብቱ ምክንያት በአንድ ጥያቄ ይፈርስ ነበር። አልከሰሱም። ዳኛ ፊት ይማሉ ይባላሉ። ከማሉ ወይ እውነቱን ተናግረው አማናውን ያፈርሳሉ፣ ወይ በሐሰት ይምላሉ። ሁለቱንም አልፈለጉም። እኔም አለመክሰሳቸውን «ጥፋቱን ለመቀበላቸው ተጨማሪ ማስረጃ» ብዬ ለቦርዱ አቀረብኩ።

በዚያ ሰሞን ነው ልጄ ቤት ውስጥ የጠየቀችኝ። ሰኞ ገበያ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ነበር። ገበያ ሁሉን ያወራል፤ ወሬው ደርሷታል። እራት እየበላን፣ ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ የመጽሐፍህ ሳጥን ደረሰኝ ነበረው?» አለችኝ።

ጸጥ በይ አልኳት። ጸጥ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጸጥ እንዳለች ነው፤ ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ ገበያው እንዴት ዋለ እላታለሁ፣ ደህና ትለኛለች።

አሥራ አራቱ ጆንያ እንደ ትርፍ ገቢ ሆነና ተሸጠ። በትንሽ ዋጋ የገዛው የፋብሪካው ክበብ ተከራይ ነው። ባለቤቶቹ ወጥተው የኛ ነው ማለት አይችሉም፤ ሰሌዳው በር ላይ አለ። ስለዚህ ምሳ ሰዓት እየተሰለፉ የገዛ ስንዴያቸውን ዳቦ በብር ገዝተው በሉት። ካቦው ክበቡ ውስጥ ዳቦውን ሲቆርስ፣ እኔ እየሰማሁ፣ የእናቴ እጅ ይሸተኛል ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔ ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩ።

ቦርዱ አመሰገነኝ። ኮምፒውተር ተገዛልኝ፣ ሌላ ሠራተኛ ተጨመረልኝ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ እንደ ሰዓት ሠራ። ዕቅዱ በጊዜው ይወጣል፣ ሪፖርቱ በጊዜው ይቀርባል፣ እያንዳንዱ ግኝት ቁጥርና የማረሚያ ቀን አለው። በመጋዘኑ ላይ ዲግሪ ያለው ወጣት ተቀመጠ፤ ካርዱ ንጹሕ፣ በሩ የተዘጋ፣ ከጫኞቹ ጋር የማያወራ። የጥቆማ ሳጥንም ሠርቼ በር አጠገብ አሰቀልኩ። በየወሩ መጨረሻ በሁለት ምስክር ፊት እከፍተዋለሁ፤ ባዶ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ወረቀት ተገኘ። «ቆጣሪው ዛሬ ስንት ቆጠረ?» ይላል።

ወጣቷ ኦዲተር በአራተኛው ወር መልቀቂያ አስገባች። ደመወዝ አንሷት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አይደለም ጋሼ» አለችኝ። «እኔ ስገባ ሰው ወሬ ያቆማል። ወሬ የማይሰማ ኦዲተር ምን ይመረምራል?»

ወረቀት አልኳት። እሺ ብላ ወጣች።

ወረቀት መረመርኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአንድ ኩንታል ስንዴ የሚወጣው ዱቄት መቀነስ ጀመረ። የወፍጮው ኃላፊ ስንዴው አፈርና ገለባ በዝቶበታል አለ። የጥራት ክፍሉ ቅጽ እንዲሁ ይላል፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ምልክት አድርጌ አለፍኩ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። በእያንዳንዱ ወር ወረቀቱ ትክክል ነበር።

ዱቄቱ መቀነስ በጀመረ በአሥራ አራተኛው ወር የውጭ ኦዲተሮች መጡ። ብልሃተኞች አልነበሩም። አንድ መኪና ስንዴ አስቁመው ጆንያውን አንድ በአንድ በትንሹ ሚዛን ላይ አስጫኑት። መቶ ኪሎ የሚባለው ጆንያ ዘጠና ሰባት ነው። የመኪና ሚዛኑ ሠራተኛ ከአቅራቢው ጋር ተስማምቶ ነበር፤ በየጆንያው ሦስት ኪሎ አየር እንገዛ ነበር። በወር ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ጆንያ ይገባል።

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ማራገፊያው ሄጄ ካቦውን አገኘሁት። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልተነሳልኝም።

«ታውቁ ነበር?» አልኩት።

«ከመጀመሪያው መኪና ጀምሮ።»

«በምን?»

«በትከሻችን ነዋ። መቶ ኪሎ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የተሸከመ ሰው ሦስት ኪሎ ስትጎድል ጆሮው ይነግረዋል።»

«ለምን አልተናገራችሁም?»

«ለማን?»

ከዚያ ዕድሜ ልኬን እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኜ ያላየሁትን ነገረኝ። በሽማግሌው መጋዘን ኃላፊ ዘመን ጆንያ የቀለለው ጫኝ ምሳውን ሲበላ ወይም እህሉን ሊጠይቅ ሲገባ በጆሯቸው ሹክ ይላቸው ነበር። እሳቸው ቆይተው፣ እንደ ዘበት፣ ከመኪናው አንዱን ጆንያ ጎትተው ትንሹ ሚዛን ላይ ያወጡታል። አቅራቢው ማን እንደተናገረ አያውቅም፤ መኪናው ይመለሳል። እኔ ሚዛን ላይ ሳለሁ ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ዕድለኛ ናቸው እል ነበር። እህላቸውን ለጠበቀላቸው ሰው እነሱም መጋዘኑን ይጠብቁለት ነበር። ከካርዱ አንድ ጆንያ ያልጎደለው በዚህ ነው። የፋብሪካው ቁጥጥር እሱ ነበር፤ እኔ ግኝት ብዬ ቁጥር ሰጥቼ አስወገድኩት።

«እርስዎ ቢሮ የተናገረ ስሙ ይጻፋል» አለኝ ካቦው። «ስሙ የተጻፈ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። እኛ ደግሞ ሰሌዳ ማንበብ እንችላለን።»

ኪሳራው ሲታወቅ ፋብሪካው አንዱን ፈረቃ ዘጋ። ሃያ ስድስት ጫኝና አውራጆች ተሰናበቱ፤ ካቦውም አብሮ ወጣ። አንዳንዱ ወደ አፋር፣ አንዳንዱ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ ይባላል። የመኪና ሚዛኑ ሠራተኛ ጠፋ። እኔ አልተነካሁም። ቦርዱ ወረቀቶቼን አስመርምሮ፣ የውስጥ ኦዲት ክፍሉ የሚጠበቅበትን ሁሉ በጊዜው ፈጽሟል ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቢስቲማ ሄድኩ። መጋዘን ኃላፊውን ቤታቸው በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። መርሐባ ብለው ተቀበሉኝ፣ ውሃ አስመጥተው እጄን አስታጠቡኝ፣ ምሳ አበሉኝ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ። የገበያ ቀን ነበር፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው ዕቃውን እየተሸከመ በደጃቸው ያልፋል። ዓይኔ አላፊዎቹን ሲከተል አይተው ነገሩኝ። የስንብታቸው ወሬ ከሳቸው ቀድሞ ነው የገባው። ድሮ ለረፍት ሲመጡ ሰው ኮርቻውን፣ ጨውን፣ ብሩን እሳቸው ዘንድ ትቶ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር። አሁን ማጭድ እንኳ የሚያስቀምጥ የለም።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማሽላውን፣ ወላሂ አለማለታቸውን መስማቴን፣ ሳጥኔን። ይቅርታ ለመለመን ከወንበሩ ወርጄ፣

«አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ተነስ፣ ትልቅ ሰው ነህ» አሉኝ። «የኔን አፉ ብዬሃለሁ። የነሱ ግን የሰው ሐቅ ነው፤ እኔ አፉ ልልልህ አልችልም። እነሱን ጠይቅ።»

«እነማን ናቸው?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አማና ነው» አሉ። «አልነግርህም።»

ተመልሼ በፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። በመጋዘን እህል የነበረው ሰው ስሙ ሳይመዘገብ መጥቶ ዋጋውን ከእኔ ከግሌ ይውሰድ አልኩ። ገንዘቡን ባንክ አስገብቼ ጠበቅኩ። አብዛኞቹ ከከተማው ወጥተዋል፤ የቀሩትም ወጥመድ ነው ብለው ተሳሳቁ። አንድም ሰው አልመጣም።

ስለዚህ ሒሳቡን ብቻዬን ሠራሁት። በሚዛን የጠፋው አንድ ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል ስንዴ፣ ኩንታሉ በስድስት ሺህ ብር፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ሰባ ሁለት ሺህ። አሥራ አራቱ ጆንያ ዛሬ ከገበያ ቢገዛ፣ ጆንያው በሰባት ሺህ፣ ዘጠና ስምንት ሺህ። የሃያ ስድስቱን ሰዎች ሥራና የአንዱን ሰው ስም የማስገባበት ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። የቀረው ሁሉ በድምሩ ዘጠኝ ሚሊዮን አንድ መቶ ሰባ ሺህ ብር ነው።